ሴፕቲክ ታንክ ከመሙላቱ በፊት፦ ለከተማ ዳር ነዋሪ የማስመጠጥ ዝርዝር መመሪያ

ነሐሴ አጋማሽ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ሻወር ቤት ስገባ ወለሉ ላይ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። ማፍሰሻው ውሃ መዋጡን ትቶ መትፋት ጀምሯል። ሽታውን አልነግራችሁም። የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ ለመጥራት ስልክ ብንደውል ሁሉም ተይዟል። በሦስተኛው ቀን አንድ ተገኘ። እሱም ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደኛ ሰፈር ሲታጠፍ ጭቃ ያዘውና ተመለሰ። ስድስት ቀን ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ ጎረቤት ቤት እየሄደ ተጸዳዳ። ጎረቤታችን ምንም ሳይሉ በራቸውን ክፍት አድርገው ሰነበቱልን። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ሁሉ ጣጣ በአንድ ዱላና በግማሽ ሰዓት ሥራ ማስቀረት እችል ነበር።

ቤታችን ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ነው። የከተማው የፍሳሽ መስመር አልደረሰንም። አያት ጫፍ፣ ጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ አንፎ፣ ፉሪ፣ ገላን ያላችሁ ብዙዎቻችሁም እንደኛው ናችሁ። ከቤት የሚወጣው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ መሬት ሥር ይጠራቀማል። ቦቴው መጥቶ ይመጠዋል፣ ይሄዳል። ሥራው የመኪናው ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ሥራ መኪናው ከመምጣቱ በፊት የባለቤቱ ነው።

መጀመሪያ መሬት ሥር ያለውን እወቁ

ብዙ ሰው «ሴፍቲ ታንክ» እያለ የሚጠራው ሴፕቲክ ታንክ በግንብ ወይም በኮንክሪት የተሠራ፣ ወለሉ የተደፈነ ሣጥን ነው። ብዙ ጊዜ በመሐል ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል። ፍሳሹ በመግቢያው ቱቦ ይገባል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ቅባትና ስብ ከላይ ተንሳፍፎ እንደ ቅርፊት ይጋገራል። መሐል ላይ የቀረው ውሃ በመውጫው ቱቦ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። መሐንዲሶች ሶክ አዌይ የሚሉት እሱን ነው።

ተራው የጉድጓድ ሽንት ቤት ሌላ ነው። ወለሉ አፈር ነው። ግድግዳው ባዶ አፈር ወይም ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ማወቅ ግድ ነው። ያለ ሲሚንቶ የተካበውን ጉድጓድ ሙልጭ አድርጎ ማስመጠጥ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊንደው ይችላል። ውስጥ ያለው ፍሳሽ አፈሩን ገፍቶ ይይዘው ነበርና። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ካላችሁ ከታች ሢሶውን አስቀሩ።

ቤቱን ከሰው ከገዛችሁ ክዳኑን ፈልጉ። ሰድር ተነጥፎበት፣ አበባ ተተክሎበት ወይም የውሻ ቤት ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። ከመጸዳጃው ውጭ ያለውን ቱቦ አቅጣጫ ተከተሉ። ያገኛችሁ ቀን ከግቢው በር እና ከቤቱ ጥግ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ። ክዳኑ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም።

ጉድጓዱን የሚመለከት አንድ ሕግ

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህን አንብቡልኝ። ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ አይግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ባዶ ቢመስልም። አፉ ላይ ጨርቅ ቢያስርም።

ፍሳሽ ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ክፋቱ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሰውየው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ሲረጋጋ ጋዙ በርትቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ራስን ለመሳት ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይቀራል። የአባትና የልጅ፣ የወንድማማች ሞት አንድ ላይ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ከወደቀ ተከትላችሁ አትውረዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ 939 ደውሉ፤ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ነው። ጋዝ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዳለ በግልጽ ንገሯቸው።

ሌላው ጋዝ ሚቴን ነው። ይነዳል። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሲጋራ፣ ሻማ፣ የከሰል ምድጃ አካባቢው ላይ አይኑር። ጉድጓዱን ለማየት ክብሪት የሚጭር ሰው አይቻለሁ። በባትሪ እዩ፣ ያውም ራሳችሁን ወደ ውስጥ ሳታስገቡ።

ባለፈው ዓመት ያስመጠጥን ቀን ከታች ትንሽ ዝቃጭ ቀረ። በቀን ሥራ ያገዘን ልጅ ሱሪውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እኔ ወርጄ በባልዲ ላውጣው። ትንሽ ነው የቀረው።»

«ተው ልጄ፣ እዚያው ይቅር።»

«ኧረ ችግር የለውም፣ ስንቱን ወርጄአለሁ።»

ስንቱን መውረዱን አልጠራጠርም። ክዳኑን ራሴ ጎትቼ ዘጋሁት፣ የቀኑንም ሒሳብ ሙሉውን ሰጠሁት። የቀረው ዝቃጭ ምንም አላመጣም።

መለካት

ለዚህ አንድ ረጅም አጠና ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ይሁን። የታችኛውን ጫፍ አንድ ሜትር ያህል በአሮጌ ነጭ ፎጣ ጠቅልሉና በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት። የፕላስቲክ ጓንት አድርጉ። ክዳኑን ከፍታችሁ ለተወሰነ ጊዜ ዞር በሉ፣ አየሩ ይውጣ። ነፋሱ ከጀርባችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቁሙ።

አጠናውን ቀስ አድርጋችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዙት። ሳታወዛውዙ አውጡት። ፎጣው ላይ ታች የጠቆረውና ወፈር ያለው ዝቃጩ ነው። ከዚያ በላይ የረጠበው ውሃው ነው። ሁለቱንም ለኩና ጻፉ።

የላዩን ቅርፊት ለመለካት ሌላ ዱላ ጫፍ ላይ መዳፍ የምታክል ጣውላ በምስማር ምቱ። ቅርፊቱን ወግታችሁ አሳልፉት፣ ከዚያ ወደ ላይ ሳቡት። ጣውላዋ ከሥር ስትይዝ እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። ያ የቅርፊቱ ታች ነው፤ ከዚያ እስከ ላዩ ያለው ውፍረቱ ነው።

ዝቃጩና ቅርፊቱ ተደምረው የውሃውን ጥልቀት ሢሶ ከሞሉ ጊዜው ደርሷል። 1.8 ሜትር ጥልቀት ካለው ታንክ 60 ሳንቲሜትሩ ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ታንክ ላይ ይህ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ቤተሰቡ ከበዛ ወይም ተከራይ ካለ ቶሎ ይደርሳል። እስኪያፈስ መጠበቅ ግን ዝቃጩ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው። የማስረጊያው ቀዳዳዎች አንዴ በዝቃጭ ከተደፈኑ ማስመጠጥ ብቻውን አያድናቸውም። አዲስ ማስቆፈር ይመጣል።

ስንት ቢያጆ ይፈልጋል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። ርዝመት በወርድ በጥልቀት። ውስጡ 3 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ፈሳሹ 1.8 ሜትር ከሆነ 10.8 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ 10,800 ሊትር ይሆናል። ክብ ጉድጓድ ከሆነ የአፉን ስፋት ለሁለት አካፍሉ፣ ያንን በራሱ አባዙ፣ በ3.14 አባዙ፣ በጥልቀቱ አባዙ። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ፈሳሹ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 5,300 ሊትር ገደማ ይይዛል።

አሁን ቦቴ ስትጠሩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ሊትር ይይዛል?» ይሁን። የሚከፈለው በቢያጆ ነው። 8,000 ሊትር የሚይዝ መኪና ያንን የ10,800 ሊትር ታንክ በአንድ ምልልስ አይጨርስም። ሳታውቁ ከገባችሁ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሽታው ሰፈሩን ሞልቶ ነው ስለ ሁለተኛው ዋጋ ክርክር የሚጀመረው። እኔ ላይ ደርሷል።

መጥራትና መንገዱን ማዘጋጀት

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። የግል ቦቴዎችም አሉ። ከተማ ዳር ላይ ግን መጀመሪያ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳላችሁ አረጋግጡ። ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ፉሪ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። አንዱ ጎረቤት አዲስ አበባ፣ ሌላው ሸገር የሆነበት መንገድ አለ። የተሳሳተ ቢሮ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ማባከን ያሳዝናል።

ጊዜው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ይሁን። ሰኔ ከገባ መንገዱ ይበላሻል፣ ወረፋውም ይበዛል።

ከዚያ መንገዱን በእግራችሁ ሂዱት። 8,000 ሊትር ማለት ጭነቱ ብቻ 8 ቶን ገደማ ነው፣ የመኪናው ክብደት ሳይጨመር። የቦይ ክዳኑ ይችለዋል? ዝቅ ብሎ የተወጠረ የመብራት ሽቦ አለ? መታጠፊያው ይበቃል? በፍጹም መኪናው በታንኩ ላይ እንዳይቆም። ክዳኑና ስላቡ ለሰው እንጂ ለቦቴ አልተሠራም። ከመንገዱ እስከ ክዳኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ለሾፌሩ ንገሩት። በቂ የመምጠጫ ጎማ ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች። ቦቴው ፈሳሹን የሚስበው ታንከሩ ውስጥ ያለውን አየር አውጥቶ ነው። ከዚያ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል። እዚህ በሒሳብ እንኳ ከ8 ሜትር አያልፍም። ዝቃጩ ከውሃ ይወፍራል፣ ጎማው ይጎትታል፣ ፓምፑም ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ከ5 ሜትር በላይ ጥልቅ ጉድጓድ ካላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ፣ ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ግርጌ እንደሚበዛው፣ መኪናው ከጉድጓዱ በታች በኩል እንዲቆም አድርጉ። አንድ ሜትር ዝቅ ማለቱ ብዙ ይረዳል።

የማስመጠጡ ቀን

ልጆችና ከብቶች ይራቁ። የታጠበ ልብስ ከገመድ ይውረድ። ጎረቤት ከዋዜማው ይነገረው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ባይሆን ደግሞ ይመረጣል። ውሃ በጀሪካን፣ ሳሙና፣ ኖራና አካፋ አጠገባችሁ ይኑር።

ክዳኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ቆሻሻ ነው። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ጨርቅ፣ ፌስታል። ጎማውን የሚዘጋው ይሄ ነው። ረዳቱ ረጅም እጀታ ባለው ሜንጦ ከላይ ቆሞ እየለቀመ ያውጣው። ጆንያ አዘጋጁለት።

ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ነው። ችኩል ሾፌር ጎማውን ላይ ላዩን ነክሮ ውሃውን ብቻ ይስባል። ታንከሩ ቶሎ ይሞላል፣ እናንተም ጉድጓዱ ጎድሎ ስላያችሁ ደስ ይላችኋል። ዝቃጩ ግን ታች ቁጭ ብሏል። ውሃው ከሄደ በኋላ ደግሞ ይደርቅና ጭራሽ አይነሳም። በጥቂት ወራት ውስጥ ያው ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንዲህ በሉ፦ «ወንድሜ፣ ጎማውን እስከ ታች አውርደው። ከታች ጀምርልኝ።» ጠንካራ ከሆነ ከሳበው ፈሳሽ ትንሹን በኃይል ወደ ጉድጓዱ መልሶ ይልቀቀው። ዝቃጩ ይበጠበጣል። ከዚያ እንደገና ይሳብ። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ማድረግ የሚያውቅ ሾፌር ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ። ለማቅጠን ብላችሁ ብዙ ውሃ አትጨምሩ፤ እሱም በቢያጆው ውስጥ ይቆጠራል።

ታንኩ ሁለት ክፍል ከሆነ ሁለቱም ክዳን ይከፈት። አንዱን ብቻ አስመጥጦ መሸኘት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። አብዛኛው ዝቃጭ ያለው በመጀመሪያው ክፍል፣ ከቤት የሚመጣው ቱቦ በሚገባበት በኩል ነው።

ፈሳሹ ከመውጫው ቱቦ በታች ሲወርድ ዓይናችሁን ቱቦው ላይ አድርጉ። ውሃ ከማስረጊያው በኩል ወደ ታንኩ ተመልሶ ከፈሰሰ ችግሩ ታንኩ አይደለም ማለት ነው። ማስረጊያው አልሰርግ ብሏል። እኛ ሰፈር ይህ ብዙ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃም አያሳልፍም። ያንን ቀን ካላያችሁት ምክንያቱን ሳታውቁ በየሦስት ወሩ ቦቴ ስትጠሩ ትኖራላችሁ።

ከመኪናው መሄድ በፊት አጠናውን እንደገና አውርዱ። ፎጣው ላይ ያለው ጥቁር ከአንድ ስንዝር በታች ከሆነ ይበቃል። ታንኩን በውሃ አጥቦ ማንጣት አያስፈልግም። እርሾ፣ ጨው፣ ነጭ ጋዝ የሚጨምር አለ። አታድርጉት። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ከቤት ከሚወጣው ፍሳሽ ጋር ራሳቸው ይመጣሉ።

በክረምት ለማስመጠጥ ከተገደዳችሁ ተጠንቀቁ። በተለይ ታንኩ ፕላስቲክ ከሆነ። መሬቱ በውሃ ሲጠግብ ባዶ ታንክ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ሊነሳ፣ ቱቦዎቹንም ሊበጥስ ይችላል። እስከ ግማሽ ብቻ አስመጥጡ፤ የቀረውን ለበጋ።

ወዴት ይሄዳል?

ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። የአዲስ አበባ ዝቃጭ የሚወሰደው እንደ ቃሊቲና ኮተቤ ወዳሉት ማጣሪያዎች ነው። ቃሊቲ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም አለው። ዋጋው ከሌላው በጣም የወረደ፣ በሌሊት ካልሆነ አልመጣም የሚል ቦቴ ሲገጥማችሁ ግን አስቡ። ወንዝ ውስጥ ከደፋው ፍሳሹ አቃቂን ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ገበያችን ላይ አለ። ልጆቻችን ይበሉታል። ደረሰኝ የሚሰጥና የሚደፋበትን ቦታ በስሙ የሚነግራችሁን ምረጡ።

ዝቃጩን ለጓሮ አትክልት የሚለምን ጎረቤትም አይጠፋም። ጥሬውን አትስጡ። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አይሞትም።

ከዚያ በኋላ

የተንጠባጠበው ላይ ኖራ ነስንሱ፣ በአካፋ ሰብስቡ፣ ሲሚንቶውን በውሃ በቀጠነ በረኪና እጠቡ። በረኪናውን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ክዳኑ ሕፃን ሊያነሳው የማይችል መሆኑን አረጋግጡና ዳር ዳሩን በስስ ሲሚንቶ ድፈኑ። የጋዝ ማስወጫው ቱቦ ጫፍ ላይ የዝንብ ወንፊት እሰሩበት።

ታንኩ ቶሎ የሚሞላባችሁ ከሆነ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የጣራው አሸንዳ ወደ ታንኩ ተቀጥሎ እንደሆነ። ከሆነ ዛሬውኑ ንቀሉት። ሁለተኛ፣ የመጸዳጃው ውሃ መያዣ ሳታውቁት የሚያፈስ እንደሆነ። ማታ የምግብ ቀለም ጣል አድርጉበትና ማንም ውሃ ሳይለቅ ጠዋት እዩት። ሳህኑ ውስጥ ቀለም ካለ ጎሚኒው ይቀየር። እኛ ቤት ያ ትንሽ ጎማ ነበር ሌሊቱን ሙሉ ታንክ ሲሞላ የከረመው።

ያስመጠጣችሁበትን ቀን፣ የሊትሩን መጠን፣ የሾፌሩን ስልክ ጻፉ። እኔ ቆጣሪው ሣጥን በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ቀጣዩ ልኬት ጥር ላይ ነው። አጠናው ታጥቦ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ቆሟል። ማንም ለሌላ ሥራ እንዳያነሳው ጫፉን ቀይ ቀብቼዋለሁ።